ከአጎት የተወረሰ ጥንድ ስፒከር፦ ማን ሠራው? ሚክስስ ይሠራበታል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከአጎቴ የወረስኳቸው ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች አሉኝ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሎጎ ወድቋል። ከኋላ 8 ኦም፣ 40 ዋት ይላል። ፈትቼ ሳያቸው የግራው ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ) ጀርባ ላይ 1377123፣ የቀኙ ላይ ደግሞ 1377609 የሚል ቁጥር አለ። በቁጥሩ ሞዴሉን ፈልጌ አጣሁት። በቴስተር ስለካቸው ግራው 6.2፣ ቀኙ 3.4 ኦም አሳየ። 8 ካልሆኑ ተቃጥለዋል ማለት ነው? ቀኙ ደግሞ ከግራው ይልቅ ይጮሃል። ከኦዲዮ ኢንተርፌሱ (ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ከሚያስገባውና ከሚያወጣው ሳጥን) በቀጥታ ስሰካቸው ድምፃቸው ሹክሹክታ ነው። ጓደኛዬ 200 ዋት አምፕሊፋየር ሊሰጠኝ ነው፤ ያቃጥላቸዋል ብዬ ፈራሁ። የድሮ ስፒከር ሞቅ ያለ ድምፅ አለው ስለሚባል በቤቴ ስቱዲዮ ዋና ሞኒተር፣ ማለትም ሚክስ ስሠራ (የተቀዱ ድምፆችን ሳዋህድ) የማዳምጥበት ስፒከር፣ ላደርጋቸው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ከቁጥሩ እንጀምር። የመልሱ ግማሽ እዚያ ነው ያለው። 1377123 የሞዴል ቁጥር አይደለም። ፈልገህ ያጣኸውም ለዚህ ነው። የአሜሪካ አምራቾች በስፒከር ጀርባ ላይ ሲያትሙት የኖሩት የፋብሪካና የቀን ኮድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ፋብሪካውን ይናገራሉ፤ 137 ሲቲኤስ ነው። ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ዓመቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን። ስለዚህ የግራው ዉፈር በፈረንጆቹ 1971፣ በ23ኛው ሳምንት፣ ማለትም ጁን መጀመሪያ ላይ ከፋብሪካ ወጥቷል። ሳጥኑ የተገጣጠመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምናልባት ወራት ቆይቶ።

አሁን የቀኙን በዚሁ መንገድ አንብበው። 137፣ 76፣ 09። ያው ፋብሪካ፣ ግን 1976፣ 9ኛው ሳምንት። በሁለቱ መሃል አምስት ዓመት ገደማ አለ። አንድ ላይ የተገዛ ጥንድ እንዲህ አይሆንም። አንድ ሰው፣ ምናልባት አጎትህ ራሳቸው፣ የቀኙ ዉፈር ሲበላሽ በሌላ ቀይረውታል። እርግጠኛ መሆን ከፈለግክ ትዊተሮቹን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡትን ትንንሾቹን፣ ጀርባቸውን እይ። የሁለቱም ኮድ 71 አካባቢ ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ የተቀየረው የቀኙ ዉፈር ነው።

ሳጥኑን የሸጠው ማን ነው ለሚለው፣ ኮዱ አይነግርህም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲቲኤስ ለሌሎች ብራንዶች ስፒከር የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። ሳጥን የሚሠራው ሌላ፣ ስፒከሩን የሚሠራው ሌላ፣ ሎጎውን የሚለጥፈው አንዳንዴ ሦስተኛ ወገን ነው። ስለዚህ ፊት ላይ ያለው ስም ቢገኝም ባይገኝም ለአንተ ሥራ ብዙ ለውጥ የለውም። ዋናው ነገር ጀርባው ላይ ነው።

ሌላ ኮድ ይዞ የሚያነብ ካለ፣ 220 ጄንሰን፣ 285 ሮላ፣ 328 ዩታ፣ 465 ኦክስፎርድ፣ 67 ኤሚነንስ ነው። ስድስት አሃዝ ብቻ ከሆነና ፋብሪካው ባለ ሦስት አሃዝ ከሆነ ለዓመቱ የተሰጠው አንድ አሃዝ ነው። ያኔ ግራ ያጋባል። 220432 ማለት ጄንሰን፣ 32ኛው ሳምንት ነው፤ ዓመቱ ግን 1944ም፣ 1954ም፣ 1964ም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን የሚፈርደው አካሉ ነው። ማግኔቱ ሰፊና ጠፍጣፋ ጥቁር ቀለበት ከሆነ ፌራይት የሚባለው የማግኔት ዓይነት ነው፤ እሱ ወደ ኋለኞቹ ዓመታት ያደላል። ጠበብ ያለ፣ በብረት ኩባያ የተሸፈነ ወይም እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ከሆነ አልኒኮ ሊሆን ይችላል። አልኒኮ የብረት ቅይጥ ማግኔት ነው፤ ውስጡ ኮባልት አለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) ኮባልት ሲስተጓጎልና ዋጋው ሲሰቀል፣ በአልኒኮ ጸንተው የቆዩትም ፋብሪካዎች ወደ ፌራይት ዞሩ። የአውሮፓ ስፒከሮች ግን በአብዛኛው በዚህ ኮድ አይሄዱም። ኬብሉ ጫፍ ላይ አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ክብ የሆነ ባለ ሁለት እግር ሶኬት ካየህ የጀርመን ወይም የምሥራቅ አውሮፓ ዕቃ ነው ብለህ ጀምር። እዚያ ጠፍጣፋው ማይነስ፣ ክቡ ፕላስ ነው።

ወደ ቴስተሩ እንምጣ። 6.2 ማንበቡ ጤና ነው። 8 ኦም ተብሎ የተጻፈው ሙዚቃ ሲሄድ ያለውን ኢምፔዳንስ፣ ማለትም ለኤሌክትሪኩ ያለውን መከላከል፣ የሚገልጽ ስም ነው፤ ከፍሪኩዌንሲው ጋር ይወጣል ይወርዳል። ቴስተርህ የሚለካው ደግሞ የኮይሉን፣ ማለትም ስፒከሩ ውስጥ የተጠቀለለውን ሽቦ፣ መከላከል ብቻ ነው፤ እሱ ሁልጊዜ ከስሙ ያንሳል። 8 ኦም የሚባል ስፒከር ከ5.5 እስከ 7 አካባቢ፣ 4 ኦም የሚባል 3 ወይም 3.5 አካባቢ፣ 16 ኦም የሚባል 11 ወይም 12 አካባቢ ያነባል። የተቃጠለ ኮይል ብዙ ጊዜ ምንም አያነብም።

ስለዚህ የቀኙ 3.4 የተቃጠለ አይደለም፤ የ4 ኦም ዉፈር ነው። የቀየረው ሰው መጠኑ የሚገጥም፣ ያው ፋብሪካ የሠራው ዉፈር አግኝቶ ገጠመው፤ ኦሙን ግን አላየም። ለምን እንደሚጮህም ይሄው ነው። አምፕሊፋየሩ ለሁለቱም እኩል ቮልቴጅ ይሰጣል። ኦሙ በግማሽ ሲቀንስ የሚፈሰው ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ ይህ 3 ዴሲቤል ነው። ድምፁን በባላንስ አስተካክለዋለሁ ብለህ ደግሞ እንዳትሸወድ። ውስጥ ያለው ክሮስኦቨር፣ ወፍራሙን ድምፅ ለዉፈር፣ ቀጭኑን ለትዊተር የሚያከፋፍለው ማለቴ ነው፣ ለ8 ኦም ነው የተሰላው። 4 ኦም ሲገጠምበት ዉፈሩ መሥራት ከሚገባው ቦታ ቀድሞ ያቆማል። ትዊተሩ ግን እዚያው እንደነበረ ነው። በመሃላቸው ጉድጓድ ይፈጠራል። ጉድጓዱ የሚያርፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ የዘፋኝ ድምፅ ባለበት አካባቢ ነው። ግራና ቀኝህ ሁለት የተለያዩ ስፒከሮች ናቸው፤ ሳጥናቸው ብቻ ተመሳስሏል።

አንድ ማስታወሻ። በስፒከሩ ማገናኛ ላይ ስትለካ ትዊተሩን አልለካኸውም። ከትዊተሩ ፊት ካፓሲተር ተቀምጧል፤ ካፓሲተር ደግሞ የቴስተሩን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ትዊተሩ ሞቶ ቢሆን እንኳ ቴስተሩ ያው 6.2 ይልሃል። እሱን ለማወቅ አንዱን ሽቦ ነቅለህ ለብቻው ለካው። ወይም የሲምባል ድምፅ አጫውትና ጆሮህን ጠጋ አድርግ።

ከኢንተርፌሱ በቀጥታ ሲሰካ ሹክ ማለቱ ብልሽት አይደለም። የድሮ ስፒከር ውስጥ አምፕሊፋየር የለም። ኢንተርፌስ የሚያወጣው ለሌላ ዕቃ የሚሆን ምልክት እንጂ ኮኑን (ድምፅ የሚያወጣውን ሾጣጣ ወረቀት) የሚገፋ ጉልበት አይደለም። ድጋሚ አትሞክረው።

የ200 ዋቱን ፍርሃት ግን ተወው። 200 ዋት አምፕሊፋየሩ መስጠት የሚችለው ጣሪያ ነው፤ ሁሌ የሚሰጠው አይደለም። በተለምዶ እንዲህ ያለ ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል አካባቢ ያወጣል። ሚክስ ስትሠራ 80 ዴሲቤል አካባቢ ብትሰማ ይበቃሃል። ለዚያ ሩብ ዋት እንኳ አይሞላም! ከበሮው ሲመታ ለቅጽበት ወደ 15 ዋት ሊደርስ ይችላል፤ እሱም ከ40 በታች ነው። ስፒከር የሚገድለው ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። አቅም የሌለው ትንሽ አምፕሊፋየር መጨረሻ ድረስ ሲከፈት የድምፁን ሞገድ አናት ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ሞገድ በቀጭን ድምፅ ይሞላና ትዊተሩ ላይ ያርፋል። ትዊተር ይቃጠላል፣ ሰው «አምፑ በዛበት» ይላል። የጓደኛህን አምፕሊፋየር ተቀበል። ቮሊየሙን ዜሮ ላይ አድርገህ አብራ፣ ቀስ ብለህ ክፈት። 4 ኦም እንደሚቀበል ግን ጀርባውን አንብብ።

አልነገርከኝም እንጂ አንድ ነገር አሁኑኑ እይልኝ። የዉፈሩን ኮን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘውን ዙሪያ በጣትህ ጫፍ ነካ አድርገው። ጨርቅ ወይም እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ወረቀት ከሆነ እድለኛ ነህ። ስፖንጅ ከሆነ ጣትህ ላይ ጥቁር ዱቄት ወይም የሚያጣብቅ ቅባት ይቀራል። ስፖንጅ በአየሩ እርጥበትና በብርሃን በ15 እና 20 ዓመት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ተጫወተበትም፣ አልተጫወተበትም። የበሰበሰ ስፖንጅ ይዘህ ቤዝ ከለቀቅክበት ኮኑ ሚዛኑን ይስታል፣ ኮይሉ ማግኔቱን እየፋቀ ይበላሻል። ስለዚህ ይህን ሳታይ አምፕሊፋየር አታገናኝ። ስፖንጁ ጤነኛ ከሆነ ወይም ጨርቅ ከሆነ፣ በሁለቱም እጅ ጣቶችህን ኮኑ ዙሪያ እኩል አሳርፈህ ቀስ ብለህ ግፋው። ዝም ብሎ መግባትና መውጣት አለበት። ኸ... ኸ... የሚል የመፋቅ ድምፅ ከሰማህ ኮይሉ ተጣሟል። ሳጥኑ ቀዳዳ የሌለው ዝግ ከሆነ ደግሞ ኮኑ ስትለቀው ተስቦ በዝግታ ይመለሳል። ቶሎ ፈንጠር ካለ የሆነ ቦታ አየር ያስወጣል። ዝግ ሳጥን ላይ ውስጥ የታመቀው አየር እንደ ስፕሪንግ ስለሚሠራ ትንሿ ክፍተት ቤዙን ታበላሻለች።

ስፖንጅ መቀየር ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው። ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። የኮኑንና የብረቱን መጠን በሚሊሜትር ለክተህ ትክክለኛውን ቀለበት ታገኛለህ፣ አሮጌውን ሙጫ ትፍቃለህ፣ አዲሱን ትለጥፋለህ። ጣጣው ኮይሉን መሃል ላይ ማቆየት ነው። ለዚህ ሙጫው ሳይደርቅ 30 ኸርዝ የሆነ ድምፅ በጣም ዝቅ አድርገህ ለቅቀህ ኮኑ ሳይፍቅ የሚንቀሳቀስበትን ቦታ ፈልግ። ካቻቢቴህን ከማግኔቱ አርቅ። እኔ ስጀምር የመጨረሻዋን ብሎን ሳጠብቅ ማግኔቱ ካቻቢቴውን ከእጄ ነጥቆ ኮኑ መሃል ላይ ሰክቶታል። ቀዳዳው እስካሁን አለ፤ ማስታወሻ ብዬ ትቼዋለሁ። ሳጥኑ ውስጥ የመስታወት ሱፍ ካገኘህ ደግሞ ጓንትና ማስክ አድርግ፤ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም።

ፊት ለፊት ከተቀመጠው ትዊተር በፊት ያሉት ካፓሲተሮች ኤሌክትሮላይቲክ ከሆኑ ከ50 ዓመት በላይ ቆይተዋል፤ ደርቀዋል ብለህ አስብ። ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቴጁ እኩል ወይም በላይ፣ ፕላስና ማይነስ የሌለው ዓይነት ገዝተህ ቀይር። ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሳ። የነቀልከውን አትጣል። ከኋላ ትዊተሩን የሚቀንስና የሚጨምር ቁልፍ ካለ፣ ውስጡ ዝጎ ስለሚሆን ሃያ ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ አዙረው። በዚያ ብቻ ሞተ የተባለ ትዊተር ሲነሳ አይቻለሁ።

ፕላስና ማይነሱን በ1.5 ቮልት ባትሪ ፈትሽ። የባትሪውን ፕላስ በዉፈሩ ፕላስ ላይ ለቅጽበት ነካ ስታደርገው ኮኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ አንድ ሰው ሽቦውን አገላብጦታል። የድሮ ጄቢኤል ግን ሲሠራ ጀምሮ ተቃራኒ ነው፤ ያ ብልሽት አይደለም። እዚህ ላይ ሬዲዮ ውስጥ የነበረ በጣም አሮጌ ስፒከር ለያዘ አንባቢ፦ ማግኔት የሌለው፣ ከኋላው ትልቅ ጥቅል ሽቦ ያለውና ከሁለት በላይ ሽቦ የሚወጣው ከሆነ፣ ማግኔቱን የሚፈጥረው ከሬዲዮው የሚመጣ ኤሌክትሪክ ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊሆን ስለሚችል ሬዲዮው በርቶ እጅህን አትስደድ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። «ሞቅ ያለ ድምፅ» የሚባለው በአብዛኛው ምንድን ነው? የደከመ ትዊተር፣ የደረቀ ካፓሲተርና የሚያስተጋባ ሳጥን ድምር ነው። ቀጭኑ ድምፅ ይቀንሳል፣ ከቤዙ በላይ ያለው ክፍል ይወፍራል፣ ጆሮ ይወደዋል። ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ለማዳመጥ ግሩም ነው። ሚክስ ላይ ግን ይዋሻል። ስፒከሩ ሲያሞቅልህ አንተ ሳታውቀው ታቀዘቅዛለህ። ቀጭኑን ትጨምራለህ፣ ወፍራሙን ትቆርጣለህ። ከዚያ ዘፈኑ መኪና ውስጥ ወይም ስልክ ላይ ሲከፈት ጥርስ ያፋጫል። ችግሩ ስፒከሩ መጥፎ መሆኑ አይደለም። መሣሪያህ ምን እንደሚዋሽ ሳታውቅ ነው የፈረድከው።

«ታዲያ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ለምን የድሮ ስፒከር ያስቀምጣሉ?» ትለኝ ይሆናል። ያማሃ ኤንኤስ-10ን ውሰድ፣ ያን ነጭ ኮኑን። በ1978 የወጣው ለቤት ማዳመጫ ነበር፤ ለዚያ ማንም አልወደደውም። ስቱዲዮ የገባው ስለሚያምር አይደለም። ቤዙ ትንሽ ነው፣ መሃሉ ይጮሃል፤ ከቀጭኑ የተነሳ ትዊተሩ ላይ ሶፍት የሚለጥፉ ነበሩ። ግን ዝግ ሳጥን ስለሆነ ድምፁ ቶሎ ይቆማል፣ ቮካሉ የተቀበረበትን ቦታ ሳይሸፋፍን ያሳያል። እስከ 2001 ተመርቷል። ኦራቶን የምትባለዋ ባለ አንድ ስፒከር ትንሽ ሳጥንም እንዲሁ። ሁለቱንም የሚጠቀሙ ባለሙያዎች አጠገባቸው ሌላ ዋና ሞኒተር አላቸው። የድሮዎቹ ሁለተኛ ምስክር ናቸው።

ክፍልህንም አትርሳው። የግድግዳ ለግድግዳ ርቀቱ 3.4 ሜትር ከሆነ 50 ኸርዝ አካባቢ ቤዙ አንድ ቦታ ያብጣል፣ ሌላ ቦታ ይጠፋል። ስፒከሩ ከኋላው ካለው ግድግዳ 1 ሜትር ሲርቅ ደግሞ 86 ኸርዝ አካባቢ የሚመለሰው ድምፅ ዋናውን ያጠፋዋል። ትልቅ ዉፈር ያለው የድሮ ሳጥን በትንሽ ክፍል ውስጥ ይህን ጉድ ያባብሰዋል፤ ቤዝ በብዛት ይለቅና ክፍሉ እንደፈለገ ያደርገዋል።

የኔ ምክር ይህ ነው። ዋና ሞኒተር አታድርጋቸው። በጥንድም አትጠቀምባቸው፤ ጥንድ አይደሉምና። ለዋናው ሥራ አዲስ፣ አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ ጥንድ ሞኒተር አስብ፤ ባለ 5 ኢንቹ ለትንሽ ክፍል በቂ ነው። እስከዚያ በጥሩ ሄድፎን ሥራ። የግራውን ሳጥን ብቻ ውሰድ። ስፖንጁን፣ ካፓሲተሩን አድስ። ከዋናዎቹ ሞኒተሮች ጎን፣ ትዊተሩ በጆሮህ ልክ እንዲሆን አስቀምጠው። ሚክሱን ሞኖ አድርገህ፣ ከጎንህ ያለ ሰው ሲያወራ የሚሰማህን ያህል ዝቅ አድርገህ በእሱ ስማ። ወደ እሱ ስትቀይር ድምፁ ከዋናዎቹ ጋር እኩል እንዲሆን አስተካክል። አለዚያ የጮኸው ሁሌ የተሻለ ይመስልሃል። ቮካሉና ስኔሩ እዚያ ላይ ቦታቸውን ካልያዙ ሚክሱ አላለቀም።

ያንን ሞቅታ በእውነት ከወደድከው ደግሞ ቅዳው። የኪቦርድ ወይም የጊታር ትራክ በስፒከሩ አጫውት፣ ፊቱ ማይክ አቁም፣ መልሰህ ቅረጽና ከዋናው ትራክ ጋር አዋህድ። ጣዕሙ ትራኩ ላይ ይቀራል፣ ፍርድህን ግን አያዛባም።

የቀኙስ? እዚያው ሳጥን ውስጥ ትክክለኛ 8 ኦም ዉፈር እስኪገኝ አትጠብቅ። የ1976ቱን ዉፈር ፍታው። ስፒከር ተገልብጦ ሲሠራ ማይክ ነው፤ ኮኑ ሲንቀጠቀጥ ኮይሉ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ከትልቁ ከበሮ ፊት በመቆሚያ አስረህ ሁለቱን ሽቦ ወደ ማይክ መግቢያ ውሰድ፤ መግቢያው ለአንዳንድ ማይኮች የሚልከውን 48 ቮልት አጥፋ። ከተለመደው ማይክ ጋር ስትቀላቅለው የአንዱን ፌዝ (የሞገዱን አቅጣጫ) ገልብጠህም ሞክር፣ ቤዙ በርትቶ የሚወጣበትን ያዝ።